ሰማይ ታበጥር የነበረችው ሰሚራ

ስልኩ ሲጠራ እግሬን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፌ ተቀምጬ ነበር። በዚህ ዕድሜ የሚደውልልኝ ወይ የዕድሩ ጸሐፊ ነው ወይ በስሕተት የደወለ ሰው፤ ስለዚህ አልቸኮልኩም። ሁለተኛ ሲጠራ አነሳሁት። ትሕትና የተሞላ የወጣት ድምፅ ነው። «ጋሽ ተካልኝ ነዎት? ድሮ መካኒሳ የኢንተርኔት ቤት የነበረዎት?» አለኝ። «ነበረኝ» አልኩ። ስሙ ናትናኤል እንደሚባል፣ የሥነ ፈለክ ወዳጆች በመሠረቱት ማኅበር ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። ከምድር ውጭ የሚያስብ ፍጡር ይኖር እንደሆን ለማወቅ ዓለም ሲደክምበት በኖረው ፍለጋ ከአገራችን የተሳተፉትን ሊያመሰግኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላፍቶ፣ አዳራሽ ውስጥ። ከሚመሰገኑት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። እግሬን ከውሃው አወጣሁና «ልጄ፣ ሌላ ተካልኝ ይሆናል» አልኩት። «አይደለም ጋሼ፤ ተካልኝ ኢንተርኔት፣ መካኒሳ ነው የሚለው። ኮምፒውተሮችዎ ለዓመታት አግዘዋል» አለ። «እኔ አይደለሁም፤ ሰሚራ ናት» አልኩ። ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት፤ ከዚያ «ሰሚራ የምትባል እኛ ጋ የለችም። የምስክር ወረቀቱም በእርስዎ ስም ታትሟል» አለኝ። እግሬ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ ቆየሁ። ድካም ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው ሊያከብርህ ደውሎ እንኳ ማስረዳቱ ያታክታል።

ያን ጊዜ ጺሜ ጥቁር ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ኖሬ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። በተሰጠኝ የስንብት ገንዘብ ምን ልሥራ ስል፣ የአጎቴ ልጅ «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው» አለኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መሰኪያውን ብቻ ነበር። ከአልኮል ፋብሪካው ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ የጋሽ ሙዘሚል የሱቅ ረድፍ ነበር፤ ጫፍ ላይ እሳቸው ስኳር፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውን ክፍል ለእኔ አከራዩኝ። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር የፋብሪካው የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሽታውን እፈልገዋለሁ፤ የማገኘው የሲሚንቶ አቧራ ነው። ያኔ ኢንተርኔት በደቂቃ ነበር የሚሸጠው፣ ደቂቃው በሃምሳ ሳንቲም። ሻይ በዚያው በሃምሳ ሳንቲም ስለሚገኝ፣ ሰው አንድ ደቂቃ ከመግዛቱ በፊት ያስብበታል። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሰዓት ያያል። መስመሩ በስልክ ስለነበረ ከመገናኘቱ በፊት እንደታነቀ ዶሮ ይንጫጫል፤ ጩኸቱ ጸጥ ሲል ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ «ገባ!» ይላል። ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ጂንስ ለብሰው፣ ሴቶቹ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ተጫምተው፣ የጂንስ ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይመጣሉ። ፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበር። አንድ ዘፈን የወደደ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ነው የሚያስጮኸው፤ ዘፋኟ ልጅቷ «ና» ስትለው የማይመጣውን ሰው እኔም በበኩሌ መጥላት ጀምሬ ነበር።

ያንን ዘፈን የማትሰማ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የጋሽ ሙዘሚል ልጅ ሰሚራ። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጥራ፣ ማንበብ ከጀመረች በኋላ ማጅራት ገትር ያዛትና ጆሮዋን ወሰደባት። ከዚያ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ገባች፤ ጨርሳ ስትመለስ ወጣት ሴት ሆና፣ ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆመች። ዋጋ በጣት ታሳያለች፣ መልስ ትመልሳለች፣ ሒሳብ አትሳሳትም። የሰፈር ሰው ግን ክፉ ነው፤ ስሟ ላይ ይቀልዳል። «ሰሚ ያለበት ስም ተሰጥቷት አትሰማ» ይላሉ፣ እሷ ፊት ቆመው፣ እየሳቁ። አፋቸውን እንደምታነብ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ቆይቼ ነው ያወቅሁት።

እኔ ቤት መምጣት የጀመረችው ገበያ በማይኖርበት በጠዋቱ ነው። ማሽኑ ላይ አማርኛ መጻፍ ያን ጊዜ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ እሷ እንደ ውሃ ታፈሰዋለች። እኔና እሷ የምናወራው በዚያው ነበር። ባዶ ገጽ ትከፍታለች፣ ትጽፍልኛለች፣ ከዚያ የፊደል ሰሌዳውን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ በሁለት ጣት እየፈለግሁ እመልስላታለሁ፤ እሷም ትጠብቀኛለች። ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ስትጻጻፍ ማንም መስማት እንደማትችል አያውቅባትም። አንዴ «እዚያ ውስጥ እኔ ሰሚራ ብቻ ነኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ለእኔም ስም አወጣችልኝ፤ በጣቷ ጺሟን የምትጎትት ታስመስላለች። እሱ እኔ ነኝ። ጥቂት ምልክት ተማርኩ፤ ሻይ፣ ቆይ፣ መብራት ሄደ፣ አባትሽ እየጠራሽ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «ጋሼ፣ ሰው በሌለ ጊዜ ማሽኖቹ ምን ይሠራሉ?»

«ምን ይሠራሉ? ያርፋሉ» አልኳት።

«እኔ ላሠራቸው?»

ነገሩን ያስረዳችኝ በትዕግሥት ነው። ባሕር ማዶ አንድ ትልቅ አንቴና አለ፤ ከሰማይ የሚመጣውን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል። አብዛኛው ገለባ ነው። በዚያ ገለባ መካከል ግን ሆን ብሎ የሚጣራ ቢኖርስ? ያን ሁሉ የሚያበጥር አንድ ማሽን የለም፤ ስለዚህ እየቆራረሱ ለፈቃደኛ ሰዎች ይልኩታል። መስመር ሲኖር አንዴ ድርሻህን ትቀበላለህ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘግቶም ማሽኑ ብቻውን ያበጥራል፣ ሲጨርስ ትመልስላቸዋለህ። «ጤፍ በሰፌድ እንደማበጠር ነው፤ የእኛ ድርሻ አንድ እፍኝ ናት» አለችኝ። ምን እጎዳለሁ? እሺ አልኳት፤ በቤቱ ስም አስመዘገበችን። ከዚያ በኋላ ሰው የተነሳበት ማሽን ላይ ሁሉ ቀይና ቢጫና አረንጓዴ ጉብታዎች ይነሳሉ፣ ይተኛሉ። ያምር ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ገንዘቡ አልቆ እንኳ እሱን እያየ ይቀመጥ ነበር።

ወሬ ግን አያርፍም። መጀመሪያ «ቫይረስ ነው» አሉ፣ ከዚያ «ስለላ ነው» አሉ፣ በመጨረሻ «የሙዘሚል ልጅ ተካልኝ ቤት ከጂኒ ጋር ታወራለች» ተባለ። ከጂኒው በላይ ግን ጋሽ ሙዘሚልን የጎዳቸው ሌላው ወሬ ነበር፤ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ትጻጻፋለች የሚለው። እናቷ ገና እሷ ነፍስ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ናት። አንድ ከሰዓት ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው እኔ ቤት ገቡ። ሰሚራ ጥግ ላይ ካለው ማሽን ፊት ነበረች። ሁለት ደንበኞች ሁኔታውን አይተው ሹልክ ብለው ወጡ።

«ተካልኝ፣ እንደ ወንድም ንገረኝ» አሉኝ። «ልጄ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ጋሽ ሙዘሚል፣ አይቆጡ። ከሰው ጋር ስትጻጻፍ እኔ አጠገቧ ነኝ። ይኼ የሚያዩት ደግሞ ወሬ አይደለም፤ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ነው የምታበጥረው።»

«የምን ድምፅ?»

«ከሌላ ዓለም የሚጣራ እንዳለ ነው የሚፈለገው።»

ትክ ብለው አዩኝ። የምቀልድባቸው መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰሚራ የሁለታችንን አፍ እየተከተለች ፊቷ አመድ መስሏል፤ «ውጪ» ሊሏት እንደመጡ ገብቷታል፤ እጇን ከሰሌዳው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋለች። «ሰሚራ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሚራ ናት ድምፅ የምትፈልገው? ወላሂ፣ እኔ አባቷ ስጠራት የማትሰማኝ?» ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ለረጅም ጊዜ ያንን የሚነሳና የሚተኛ ቀለም ሲያዩ ቆዩ። ያ ሰው በገበያ መሐል ከሦስት ደንበኛ ጋር በአንዴ የሚከራከር፣ ምላሱ የተባ ነጋዴ ነው፤ ከልጁ ጋር ግን ከ«ነይ» እና «ሂጂ» ያለፈ ምልክት አያውቅም። ጊዜም አልነበረው፤ ያስተማረውም የለም።

«በዚህ ነው ከዚያ ሁሉ አገር ሰው ጋር የምትግባባው?» አሉኝ።

«በዚህ ነው።»

«እኔስ ብጽፍላት ታየዋለች?»

ባዶ ገጽ ከፈትኩላቸው። ሌባ ጣታቸውን ቀስረው፣ አንገታቸውን አስግገው ፊደል መፈለግ ጀመሩ። «በ» የት እንዳለ እያሳየኋቸው፣ «ል» የት እንዳለ እያሳየኋቸው፣ ከፊታቸው ላብ ወረደ። ሰሚራ ከጎናቸው ቆማ አንድ በአንድ የሚወጣውን ፊደል በዓይኗ ትጠብቃለች። ሲጨርሱ ገጹ ላይ ያለው አንድ ቃል ነበር፤ «በልተሻል»። የጥያቄ ምልክትም የለው። ሰሚራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በዚያ ፈጣን እጇ መለሰች፤ «አልበላሁም አባ። አንተስ?»

እኔ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊት ካሴት ቤቱ ያንኑ ዘፈን ይጮኻል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሙዘሚል የከሰዓቱን የዐስር ሰላት ከሰገዱ በኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው እኔ ቤት መቀመጥ ልማዳቸው ሆነ። ወሬውም በዚያው ሞተ፤ አባትየው ራሱ የገባበትን ጂኒ ማን ያማል? የሚጻጻፉትን አላነብም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑን ላስነሳ ጠጋ ብዬ፣ አዲስ የተከፈተውን ገጽ አየሁ። ሰሚራ «እናቴ ድምጿ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጋሽ ሙዘሚል ጣታቸው አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሻይ ታዘዘ፣ ሻይው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የጻፉት ይህ ነው፤ «ወፍራም ነበር። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር።» ሰሚራ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፤ ገጹ እንዲዘጋም አልፈለገችም።

ጥሩ ነገር ሲያልፍ ደወል አይደውልም። መጀመሪያ የደቂቃው ዋጋ ወረደ፣ ደስ አለን። ከዚያ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ የራሱን ኢንተርኔት ይዞ መዞር ጀመረ፤ የእኛ ወንበሮች ባዶ ቀሩ፣ ማሽኖቹም ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሲያበጥሩ ይውሉ ጀመር። ጋሽ ሙዘሚል በስኳር ሕመም ሞቱ። ሰሚራ ዘመዶቿ ጋ ቡታጅራ ሄደች፣ ተመለሰች ሲሉ ሰማሁ፣ አገባች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ መንገዱ ይሰፋል ተባለና የሱቆቹ ረድፍ ላይ የማፍረሻ ቀይ ምልክት ተቀባ። ማሽኖቹን የወሰደልኝ ቆራሌው ነው፤ ከተጣመመ ድስትና ከአሮጌ ጎማ ጋር ጋሪው ላይ ጭኖ፣ «ቆራሌው!» እያለ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። አላዘንኩም፤ ደክሞኝ ነበር። እኔም ጎፋ ልጄ ጋ ገባሁ።

ስለዚህ ከናትናኤል ስልክ በኋላ ቤት ውስጥ መተኛት ይገባኝ ነበር። ግን በማይገባኝ ምስጋና መጠራት አልሆንልህ አለኝ። የድሮ ደንበኞቼን ጠየቅሁ፤ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈኝ፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አደረሱኝ። ለካ ከቤቴ ያን ያህል አትርቅም ነበር። ሰው በእጁ የጻፈውን ማመልከቻ ታስተካክላለች፣ ታትማለች። መነጽሯ በገመድ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሻሿ ሥር ሽበት ብቅ ብሏል፤ ሁለት እጆቿ አንጓቸው ላይ በፋሻ ታስረዋል። ቀና ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም ብዬ ስፈራ፣ በጣቷ ጺሟን የምትጎትት አስመሰለች።

ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ ሸምግለዋል» ብላ ጻፈች።

«አንቺስ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የሰው ማመልከቻ ነው የበላው።»

ስለ ቅዳሜው ጽፌ ነገርኳት። አነበበችና ፊቷ ተለወጠ፤ የደስታ አልነበረም። «ምን አገኘን ብለው ነው የሚያመሰግኑን? ምንም አልተገኘም። ሥራ መላኩን የባሕር ማዶዎቹ ራሳቸው ካቆሙ ዓመታት ሆኗቸዋል። እኔ አልሄድም፤ እርስዎ ይሂዱ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው» አለች። ደንበኛ መጣ፤ ቆሜ ጠበቅኋት። ሲሄድ «እስከ መቼ ሠራሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እስከ ቆመበት ቀን። በዚችው በሱቄ ማሽን» አለች። «ለምን?» አልኳት። ስልኩን መልሳ አነሳችና ጻፈች፤ «ትሰሚያለሽ ወይ ብሎ ያልጠየቀኝ ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠይቀኝ። አሁን ደክሞኛል ጋሼ።»

እኔም ደክሞኛል። ሰው ላግባባ የምችልበት አፍ አልቀረኝም። «እኔ ብቻዬን ወጥቼ ወረቀትሽን አልቀበልም። ካልመጣሽ እዚያው ይቅር» አልኳትና ወጣሁ። ቅዳሜ ልብሴን ለብሼ የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ስደርስ፣ ሰማያዊ ሻሽ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው። ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ ታክሲ ውስጥ ቀድማኝ ገባች።

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ ማይክራፎኑ የሚያፏጭ ነው። ንግግር ተደረገ፣ ሌላም ንግግር ተደረገ። ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ፤ ከሩቅ ያለ ፍጡር ቢጣራ እንዴት እንረዳዋለን፣ ምን ዓይነት ቋንቋ ይኖረዋል አሉ። ሰሚራ በተናጋሪው አፍ ፊት ማይክራፎኑ ስለተደቀነባት ማንበብ አቅቷት መጋረጃውን ታያለች። የሚተረጉምላት ሰው አልነበረም፤ ማን አስቦት! የእኔ ስም ሲጠራ ተነሳሁና ወጣሁ። ወረቀቱን ሲዘረጉልኝ እጄን ሰበሰብኩ። «የዚህ ባለቤት ያቻት፣ ባለ ሰማያዊ ሻሿ» አልኩ። «እኔ የሰጠሁት መብራትና ቤት ነው። ያበጠረችው ሰሚራ ሙዘሚል ናት። መስማት የተሳናት ስለሆነች እጃችሁን አውለብልቡላት እንጂ አትጥሯት።» አዳራሹ በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ዞረ። ናትናኤል የሚባለው፣ ቀጭን መነጽራም ልጅ፣ ራሱ ወርዶ አመጣት።

ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ ከወረቀቱ ጋር ማይክራፎኑን አስጨበጣት። ሰሚራ አየችው። አገላብጣ አየችውና ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ በእጆቿ መናገር ጀመረች። ፋሻው አንጓዋ ላይ እንዳለ፣ እነዚያ እጆች ሲወጡ፣ ሲወርዱ፣ ሲፈጥኑ፣ ረጅም ነገር ተናገረች። በሕይወቴ እንዲህ ስታወራ አይቻት አላውቅም፤ እኔ የማውቃት በጽሑፍ ነው። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ስታበቃ ማይክራፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ስለ ማሽን ተናግራለች» አልኩ። «ስለ አባቷ ተናግራለች። ደክሞኛልም ብላለች። ሌላው አልገባኝም። ምልክት የማውቀው ትንሽ ነው፤ ካልገባኝ ላይ እየፈጠርኩ ልነግራችሁ አልችልም። እሷ ግን መጻፍ ትችላለች፤ ከሁላችንም በላይ ትጽፋለች። የምትፈልጉ ጠይቋት።»

ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ለስላሳና ኩኪስ ወደ ተደረደረበት ጠረጴዛ ተንጋጋ። እኔ በልቤ ይኸው አለቀ አልኩና ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ሰሚራ ወረቀቱን ጠቅልላ «እንሂድ» አለችኝ በእጇ። ልንነሳ ስንል ናትናኤል መጣ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ስልኩን አወጣና ቆሞ መጻፍ ጀመረ። አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። ለሰሚራ አቀበላት። አነበበችው፤ የተኮሳተረው ግንባሯ ትንሽ ተፈታ። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገችና መልሱን መጻፍ ያዘች። ረጅም መልስ ነበር፤ ልጁ ሳይነቃነቅ ጠበቃት። ከኋላው አንዲት ነጠላ ያደረገች መምህርት የመሰለች ሴት ስልኳን ይዛ ቆመች። ከእሷም ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ጽሑፉን ለማጉላት እየታገለ።

ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ዞራ ሄደች። ጽዳቶቹ ወንበር መደራረብ ጀመሩ፤ የተቀመጥኩበትን ብቻ ትተውልኝ አለፉ። ቅዳሜ ሲመሽ የላፍቶ ታክሲ ሰልፉ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሰሚራ በመሐል ቀና ብላ ይቅርታ በሚል ዓይን አየችኝ፣ ሰዓቷንም አሳየችኝ። እጄን አነሳሁና «ቀስ በይ፣ ጨርሺ» አልኳት።